አራት ዝርያ ሲሻማ፦ ትርምሱን በላፕቶፓችሁ እንዴት ታዩታላችሁ
ፓይተን ካላችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ሳይፓይ (SciPy) የተባለውን የፓይተን የሒሳብ ጥቅል ጫኑና እንጀምር።

ሞዴሉ ያረጀ ነው፤ ዝርያዎች ሲሻሙ ብዛታቸው እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሰላው፣ ሎትካና ቮልቴራ የሚባለው። አራት ዝርያ አለን፣ ሁሉም የሚሻሙት አንድ ኩሬ ውስጥ ነው። የአንዱ ዝርያ የለውጥ ፍጥነት ማለት የዕድገት ቁጥሩ ሲባዛ በብዛቱ፣ ሲባዛ በ(1 ሲቀነስ የጫናዎቹ ድምር) ነው። እያንዳንዱ ጫና ማለት የጫና ቁጥሩ ሲባዛ በተጫኚው ዝርያ ብዛት ነው። ለምን አራት? የሒሳብ ሊቁ ሞሪስ ሂርሽ እንዳሳየው በዚህ ዓይነት ንጹሕ ፉክክር ሦስት ዝርያ ብቻ ከሆነ ኬኦስ (ትንሽ የመነሻ ልዩነት ውጤቱን ጨርሶ የሚቀይርበት ትርምስ) አይመጣም። ስለዚህ በሦስት እየሞከራችሁ አትልፉ።

ቁጥሮቹን ራሳችሁ ለመገመት አትሞክሩ፣ አብዛኛው ግምት ወይ ይረጋጋል ወይ አንዱን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተሙትን ውሰዱ። ዕድገት፦ 1፣ 0.72፣ 1.53፣ 1.27። ጫና፣ በየረድፉ፦

1፣ 1.09፣ 1.52፣ 0
0፣ 1፣ 0.44፣ 1.36
2.33፣ 0፣ 1፣ 0.47
1.21፣ 0.51፣ 0.35፣ 1

አንደኛው ረድፍ አንደኛው ዝርያ ላይ ማን ምን ያህል እንደሚጫን ነው። ረድፍና ዓምዱን ከቀያየራችሁት ሌላ ሞዴል ሆነ ማለት ነው፤ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ በአራቱ ዝርያዎች ብዛት ቦታ 0.3013፣ 0.4586፣ 0.1307፣ 0.3557 አስገቡ። አራቱም ለውጥ ዜሮ አካባቢ ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

አሁን ከዚያ ነጥብ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ጀምሩና እስከ 1000 የጊዜ አሃድ አሂዱት። የመጀመሪያውን ሩጫ ጣሉት፣ የሚያስፈልጋችሁ የደረሰበት ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ቦታ ሁለት ቅጂ አውጡ፣ በአንደኛው ቅጂ በአንድ ዝርያ ብዛት ላይ 0.000001 ጨምሩ፣ ሁለቱንም ሌላ 2000 አሃድ አስኪዱ።

ግን ቆይ! ሶልቭ አይቪፒ (solve_ivp) የሚባለውን የሳይፓይ ፈንክሽን እንዳለ ከተጠቀማችሁ፣ ሳትነኩት የሚፈቅደው አንጻራዊ ስሕተት 0.001 ነው። እናንተ የጨመራችሁት ከዚያ በሺህ እጥፍ ያንሳል። የምታዩት ትርምስ የዝርያዎቹ ይሁን የኮምፒውተሩ ስሕተት በምን ይታወቃል? አርቶልን (rtol፣ የሚፈቀደውን አንጻራዊ ስሕተት) ወደ 1e-10፣ ኤቶልን (atol፣ የሚፈቀደውን ፍጹም ስሕተት) ወደ 1e-12 አውርዱ። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ቀን ሙሉ የተሳሳተ ግራፍ ሳደንቅ ነበር።

ለብዙ መቶ አሃድ ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ይሄዳሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ይላቀቃሉ፣ በመጨረሻ ምንም አይተዋወቁም። በዚህ ሞዴል ልዩነቱ በአማካይ የሚያድግበት ፍጥነት፣ ማለትም የሊያፑኖቭ ቁጥሩ፣ 0.0203 አካባቢ ነው። ሒሳቡን ሥሩት (የ10 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ሲካፈል ለዚህ ቁጥር)፦ መነሻውን አሥር እጥፍ አጥርታችሁ ብትለኩ የምታተርፉት ወደ 113 አሃድ ብቻ ነው። ሌላ አሥር እጥፍ፣ ሌላ 113። ለልኬት የሚወጣው ወጪ እየተባዛ ሲሄድ ትርፉ እየተደመረ ብቻ ነው፣ ለዚህ ነው «ዳታ ጨምሩበት» የሚለው ምክር እዚህ ጋ ብዙም የማያራምደው።

ሞት ማየት ከፈለጋችሁ፣ ከሆነ ብዛት በታች የወረደው ዝርያ ዜሮ ይሁን ብላችሁ ጻፉ። ገደቡን ከዝቅተኛ እየጀመራችሁ ከፍ አድርጉት፣ አንዱ መሞት እስኪጀምር። አንዱ ከሞተ ሦስት ይቀራሉ፣ ስለዚህ ኬኦሱም አብሮ ያበቃል። የማን ተራ እንደሆነና መቼ እንደሚወድቅ በአንድ ሩጫ አትፍረዱ፤ መነሻውን በጥቂቱ እየቀየራችሁ 200 ጊዜ አስኪዱና የሞት ጊዜዎቹን በሂስቶግራም አስቀምጡ። ተመራማሪዎቹ ሁይስማንና ዋይሲንግ እ.ኤ.አ. በ2001 በሀብት ሽሚያ ሞዴል ላይ ተራፊዎቹ እነማን እንደሚሆኑ እንኳ አስቀድሞ መናገር እንደማይቻል አሳይተዋል። ያኛውን ለመሥራት ግን የሀብቶቹንም እኩልታ መጻፍ አለባችሁ፣ እዚህኛው ላይ እጃችሁን ካፍታታችሁ በኋላ ሞክሩት።