ስልኩን ዝጉና ራሳችሁ ደውሉ

ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። «ሃክ ተደረግሁ» ብሎ የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ማን እንደደወለለት ነው።

እናቴም ደርሶባታል። ስልኳ ላይ ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ ገባ። ወዲያው አንድ ትሁት ድምፅ ደወለ። «እናቴ፣ ከባንክ ነው፤ ሂሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ ቁጥሩን ያንብቡልኝ» አላት። አራቱን አነበበችለት። የቀሩት ሁለቱ አልታይ ሲሏት ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። ነጥቄ ዘጋሁት።

ኮዱ ዝም ብሎ አይመጣም። ሌባው፣ ምናልባት የይለፍ ቃሏን አግኝቶ፣ ወደ ሂሳቧ ሊገባ ሲል ነው የተላከው። ስለዚህ ሳትጠይቁ ኮድ ከመጣ የይለፍ ቃሉን ያኔውኑ ቀይሩ። ባንክ ደውሎ ኮድ አይጠይቅም። ከተጠራጠራችሁ ስልኩን ዝጉና ካርዳችሁ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውሉ፤ ደዋዩ በሰጣችሁ ቁጥር ግን በፍጹም!

መሥሪያ ቤት ላይ ይኸው ሌባ በኢሜይል ይመጣል። «የሂሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል፣ ክፍያውን በዚህ አስገቡልን» ይላል። አድራሻውን ማጣራት ብቻውን አይበቃም፤ የደንበኛችሁ ኢሜይል ራሱ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። የድሮው ውል ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ ከሚያውቃችሁ ሰው አፍ ስሙ። ክፍያ አንዱ ያዘጋጅ፣ ሌላው ያጽድቅ። አለቃ ቢቸኩልም ይህ አይዘለል።

ባንክም ቢሆን አይድንም። እ.ኤ.አ. በ2016 የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክን ኮምፒውተር ሰብረው የገቡ ሌቦች ኒውዮርክ ካለው ሂሳቡ ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጋ ዶላር ለማዘዋወር ትእዛዝ ላኩ። የዝውውር ትእዛዞችን የሚያትመው ፕሪንተር ሥራ አቁሞ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን የተለመደ ብልሽት መሰላቸው። 81 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊሊፒንስ ሄደ። ሌላ 20 ሚሊዮን ዶላር የተረፈው ሌቦቹ «ፋውንዴሽን» የሚለውን ቃል አሳስተው ሲጽፉ፣ ገንዘቡን መሃል ላይ የሚያስተላልፍ ባንክ ተጠራጥሮ ስለጠየቀ ነው። ስለዚህ የባንክ ሠራተኞች፣ የማይሠራ ፕሪንተር ስታዩ ለጥገና ብቻ አትንገሩ፤ የዕለቱን ዝውውሮችም በሌላ መንገድ አመሳክሩ።

ቤት ውስጥ የራውተር (ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው ሳጥን) እና የካሜራ የፋብሪካ ፓስዎርድ ይቀየር። አፕዴትም አታቆዩ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ ማይክሮሶፍት መጠገኛ አፕዴቱን ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ፎቶና ሰነዳችሁን ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ስትጨርሱ ንቀሉት። ተሰክቶ ከቆየ እንዲህ ያለ ቫይረስ እሱንም ሊቆልፈው ይችላል።

ኮዱን ሰጥታችሁ ከሆነስ? አትፈሩ። መጀመሪያ ባንኩ ጋ ደውላችሁ ሂሳቡን አሳግዱ። ከዚያ በሌላ ስልክ የኢሜይላችሁን ፓስዎርድ ቀይሩ። የተደወለበትን ሰዓትና ቁጥርም ጻፉ፤ ባንኩ ይጠይቃችኋል።