ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና ከመግዛት በፊት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጎማ፣ መብራት፣ ቦዲና ሰነድ ማየቱን ራሳችሁ ታውቁበታላችሁ። በቀጥታ ወደ ሞተሩ እንግባ።

የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ብቻውን አያስፈራችሁ። ዘይቱ በጊዜው እየተቀየረለት 250,000 የሞላ ሞተር፣ 120,000 ላይ ሆኖ አንዴ ክፉኛ ከጋለው ይሻላል። ቁጥሩን ደግሞ ሻጭ ወደ ኋላ ሊመልሰው ይችላል። ዳሽቦርዱ 90,000 እያለ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ከታየ፣ መሪው ከእጅ ብዛት ካብረቀረቀ፣ ኪሎ ሜትሩ ተነካክቷል። ለዚህ ጥገና የለውም፤ ትታችሁ ሂዱ።

ጥቁር ጭስ፦ ነዳጅ በዝቶበታል ወይም አየር አጥሮታል። የአየር ፊልትሮና ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨውን ክፍል) አሳዩ።

ሰማያዊ ጭስ፦ ዘይት ያቃጥላል። ሲነሳ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት በቫልቩ በኩል እንዳይገባ የሚይዘው ጎማ) ነው፤ ዋጋ ቀንሶ መግዛት ይቻላል። ነዳጅ በሰጣችሁት ቁጥር የሚብስ ከሆነ ግን ፋሻው (ፒስቶኑ ላይ ያለው ቀለበት) አልቋል፤ ሞተር ወርዶ ይፈታል።

ነጭ ጭስና የሚጎድል ውሃ፦ ጋራዥ የሚያመላልሰኝ ይሄ ነው። ጠዋት ትንሽ እንፋሎት ያለ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቋረጠ ግን የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም በሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ተበልቷል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል።

ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ሌላ ቀን እመጣለሁ በሉ። ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይ በፍጹም አትክፈቱ! በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ እከፍተዋለሁ ያለ ሰው ፊቱን ተቃጥሎ አይቻለሁ። ውሃው ዝገት ከመሰለ ኩላንት (ዝገት የሚከላከል የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አይቶ አያውቅም። ዘይት ከተንሳፈፈበት ወይም የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ ነገር ከወጣ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። የዘይት ክዳኑ ሥር ብቻ ትንሽ ነጭ ካያችሁ ግን አትቸኩሉ፤ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና እርጥበት ይይዛል።

አሁን አስነሱና የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ጨበጥ አድርጉ። ማራገቢያው እጅጌያችሁን እንዳይበላው ተጠንቀቁ። ሞተሩ ሳይሞቅ ቱቦው እንደ ድንጋይ ከጠጠረ የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው። ጤነኛ ሞተር ላይ ቱቦው ቀዝቅዞ ይቆይና ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈው በር) ሲከፍት በአንዴ ይሞቃል። ከመጀመሪያው ቀስ በቀስ ከሞቀ ቴርሞስታቱ ክፍት ላይ ቀርቷል ወይም ተነቅሎ ተጥሏል። አንዱ ሻጭ «ሙቀት የሚባል አያውቅም» እያለ ጌጁን በኩራት አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ መርፌው ከግማሽ በታች ነበር። ረጅም ዳገት ላይ ስናወጣው ግን ቀይ ገባ። ቴርሞስታቱን ስፈልግ ቤቱ ባዶ ነው። ፍሳሽ የሚደፍን ዱቄት የጨመረበትም ገጥሞኛል፤ ዱቄቱ ቀዳዳውን ትቶ የማሞቂያውን ራዲያተር ደፍኖታል።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን ከተበላ መፍትሄው እሱን መቀየር ብቻ አይደለም። ቴስታታው ቀጥ ማለቱ በማስመሪያ ይለካል፣ ስንጥቅ በግፊት ይፈተሻል፣ ከጎበጠ ገጹ ይስተካከላል። ብሎኖቹ አንዴ ተስበው የሚጣሉ ዓይነት ከሆኑ አዲስ ይገባል፤ ሲጠብቁም በቅደም ተከተልና በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ነው። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክና ርካሽ ጓርኒሲዮን አንድ ላይ ከተገናኙ በወሩ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ። ይህን ወጪ ከዋጋው ላይ የማይቀንስ ሻጭ ጋ አትከራከሩ።

የታይሚንግ ቺንጊያ (የቫልቮቹንና የፒስቶኖቹን እንቅስቃሴ የሚያገጣጥመው ቀበቶ)፦ ስለመቀየሩ ማስረጃ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ያዙ። በብዙ ሞተሮች ላይ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ከውሃ ፓምፑ ጋር አብራችሁ ቀይሩ።

ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፦ አውቶማቲኩ ዲ (ወደፊት መንጃው) ሲገባ ከዘገየና ከደለቀ፣ ዘይቱም ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ አትንኩት። ማንዋሉ በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጡት ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ክፍል) አልቋል፤ ዋጋ አስቀንሱና ቀይሩት።