የድረ ገጽ ሰርቨርን ሥራ ለሁሉም ኮሮች እንዴት ማከፋፈል ይቻላል

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄዱ ጀልባዎችን በኢንተርኔት የሚያስይዝ አንድ ድረ ገጽ አለ እንበል። የጥምቀት ሰሞን እንግዳ ሲበዛ ገጹ ይንቀራፈፋል፤ ባለቤቱም ከፍ ያለ ሰርቨር ለመከራየት ያስባል። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ግን አሁን ያሉት አራት ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) በእርግጥ እየሠሩ መሆናቸውን ሊያረጋግጥ ይገባል።

ሰርቨሩ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወናና ኤንጂንኤክስ (nginx) የተባለውን የድረ ገጽ ሰርቨር ፕሮግራም የሚጠቀም ከሆነ፣ ገጹ በተጨናነቀበት ሰዓት ተርሚናል ላይ ቶፕ (top) የተባለውን ትእዛዝ ያስጀምሩና 1 ቁጥርን ይጫኑ፤ እያንዳንዱ ኮር በየራሱ መስመር ይታያል። አንዱ ኮር ሞልቶ ሌሎቹ ሥራ ፈት ከሆኑ ችግሩ የሥራ ክፍፍል ነው። ሆኖም ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) አንድን ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ከኮር ወደ ኮር ሊያዛውረው ስለሚችል፣ ከታች ባለው ዝርዝር ውስጥ የኤንጂንኤክስ ፕሮሰስ ብቻውን 100 በመቶ አካባቢ መድረስ አለመድረሱንም መመልከት ያስፈልጋል። ከርነሉ ፕሮሰሱን ያዛውረዋል እንጂ ለሁለት ሊከፍለው አይችልም።

ቀጥሎ የኤንጂንኤክስን ዋና የማዋቀሪያ ፋይል ይክፈቱ። የወርከሮችን፣ ማለትም የእንግዶችን ጥያቄ የሚያስተናግዱትን ፕሮሰሶች፣ ብዛት የሚወስነው መስመር (worker_processes) ከሌለ የሚነሣው ወርከር አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መስመሩን ጨምረው ዋጋውን አውቶ (auto) ያድርጉት፣ ፕሮግራሙም ኮሮቹን ቆጥሮ ለእያንዳንዳቸው አንድ ወርከር ያስነሣል። ፋይሉ ስሕተት እንደሌለበት በራሱ በኤንጂንኤክስ የመፈተሻ ትእዛዝ ካረጋገጡ በኋላ አዲሱን ቅንብር እንዲያነብ ያዙት። ዋናው ፕሮሰስ አዲሶቹን ወርከሮች ያስነሣል፤ አሮጌዎቹም የያዙትን ጥያቄ ጨርሰው ይወጣሉ፤ በዚያች ቅጽበት ቦታ እያስያዘ ያለ እንግዳ አይቋረጥበትም።

ቁጥሩን ከኮሮቹ በላይ ማብዛት በአብዛኛው ጥቅም የለውም፤ አንድ ወርከር ብዙ ሺሕ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ስለሚችል፣ ትርፎቹ ለኮር ከመሻማት ያለፈ ነገር አያመጡም።

ከዚህም በኋላ ሥራው ለአንዳንዶቹ በዝቶ ለሌሎቹ ሊያንስ ይችላል፣ ምክንያቱም ሁሉም አንድ የጋራ ሶኬት (የግንኙነት መቀበያ በር) ላይ ስለሚጠባበቁ ቀድሞ የነቃው ይወስዳል። በሊኑክስ 3.9፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የመጣው ሪዩዝፖርት (reuseport) የተባለው አማራጭ ለእያንዳንዱ ወርከር የራሱን ወረፋ ይሰጠዋል፤ በማዳመጫው መስመር ላይ ቃሉን መጨመር በቂ ነው። ነገር ግን አንድ ወርከር ከተያዘ በእርሱ ወረፋ የቆሙት ሁሉ ስለሚጠብቁ፣ አለመመጣጠኑ በግልጽ ካልታየ ባይነካ እመርጣለሁ።

ከኤንጂንኤክስ ጀርባ የገጹን ሒሳብ የሚሠራው ፒኤችፒ (PHP) የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከሆነ የእርሱ ፕሮሰሶች ለብቻቸው መወሰን አለባቸው፤ እዚህ ላይ ወሳኙ ከኮር ይልቅ ሚሞሪ ነው። እያንዳንዱ 50 ሜጋባይት ቢወስድ 40 ፕሮሰሶች 2 ጊጋባይት ይጨርሳሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከመጻፍዎ በፊት ለዳታቤዙ የሚያስፈልገውን ሚሞሪ ከጠቅላላው ላይ አስቀድመው ይቀንሱ።