የቪዲዮ ኮዲንግና የኔትወርክ ተመራማሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

1920 በ1080 ፒክስል ያለው፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚያሳይ ያልተጨመቀ ቪዲዮ ለእያንዳንዱ ፒክስል በአማካይ 12 ቢት ቢያዝለት፣ በየሰከንዱ 622 ሜጋቢት ገደማ ይሆናል። ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ተሳፋሪ በስልኩ ትምህርት ሊከታተል ቢሞክር፣ ተራራው ከአንቴናው በጋረደው ቁጥር የሚደርሰው መጠን ከዚህ በብዙ መቶ እጥፍ ያነሰ ነው። የቪዲዮ ኮዲንግና የኔትወርክ ተመራማሪ የሚደክመው ይህን ርቀት ለማጥበብ ነው፤ በአንድ በኩል ምስሉን ይጨምቃል፣ በሌላ በኩል የተጨመቀው ምስል በሚቆራረጥ መስመር ላይ የሚጓዝበትን ዘዴ ያበጃል።

በዚህ መስክ መመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎችን ረቂቅ ሳነብ፣ ችግሩን አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው በቀረበው አዲስ ዘዴ ላይ ሳይሆን ዘዴው በተለካበት መንገድ ላይ ነው። ጥሩ ሐሳብ በተዛባ ልኬት ምክንያት ዋጋ ሲያጣ፣ ደካማውም በዚያው ምክንያት ድንቅ መስሎ ሲቀርብ ማየት ያሳዝናል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ለመታረም ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ ኮምቦልቻ በሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ በወልድያ፣ አንድ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ያለው ተማሪ ሊያርማቸው ይችላል።

ስታንዳርድን ከስታንዳርድ ያወዳደሩ መምሰል

«ኤች.265 ከኤች.264 ይህን ያህል ቢት ይቆጥባል» የሚል ዓረፍተ ነገር በብዙ ረቂቅ ውስጥ ይገኛል። ኤች.264 እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኤች.265 በ2013፣ ኤች.266 ደግሞ በ2020 የጸደቁ የቪዲዮ መጭመቂያ ስታንዳርዶች ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ስታንዳርዶች የሚደነግጉት የተጨመቀው ፋይል ምን መልክ እንደሚኖረውና ዲኮደሩ እንዴት እንደሚፈታው ብቻ ነው፤ ኢንኮደሩ ምስሉን እንዴት እንደሚጨምቅ አይወስኑም። ስለዚህ በሙከራው ላይ የተወዳደሩት ሁለት ስታንዳርዶች ሳይሆኑ ሁለት ሶፍትዌሮች ናቸው፤ አንዱ በፍጥነት ቅንብር፣ ሌላው ጥራትን በሚያስቀድም ዘገምተኛ ቅንብር ከተሠራ ደግሞ የተለካው ልዩነት የቅንብሩ እንጂ የስታንዳርዱ አይደለም።

ኤክስ264 የተባለውን በሰፊው የሚሠራበት ኢንኮደር ለሚጠቀሙ አንድ ነገር አጥብቄ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። ይህ ኢንኮደር ሲጫን ይዞት በሚመጣው ቅንብር የሚደክመው ምስሉ ለሰው ዓይን እንዲያምር ነው፤ ለዚህም ሲል ፒኤስኤንአር በሚባለው፣ የተፈታው ምስል ለመነሻው ምን ያህል እንደሚቀርብ ፒክስል በፒክስል አነጻጽሮ በዴሲቤል በሚገልጸው መለኪያ የሚያገኘውን ነጥብ እያወቀ ይቀንሳል። ተማሪው ቅንብሩን ሳይነካ ውጤቱን በፒኤስኤንአር ከለካ፣ ኢንኮደሩን ባልተወዳደረበት ውድድር ተሸናፊ አድርጎታል ማለት ነው። በፒኤስኤንአር ለሚለካ ሥራ ኢንኮደሩን ለዚያ መለኪያ የሚያስተካክል አማራጭ በትእዛዙ ውስጥ ስላለ፣ እሱን መጠቀምና በጽሑፉ ላይ ሙሉ ትእዛዙን ከሶፍትዌሩ ቅጂ ቁጥር ጋር ማስፈር ይገባል። ትእዛዙን ያልያዘ የውጤት ሠንጠረዥ ሌላ ሰው ሊደግመው የማይችል ሠንጠረዥ ነው።

ቀድሞ የተጨመቀን ቪዲዮ እንደ ጥሬ መቁጠር

ጥሬ ቪዲዮ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ከኢንተርኔት የወረደ ወይም በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ተፈትቶ እንደ መነሻ ሲያገለግል ይታያል። ስልኩም ሆነ ድረ ገጹ ግን ቪዲዮውን ቀድሞ ጨምቆታል፤ ረቂቅ ዝርዝሮቹን፣ የብርሃኑን ነጠብጣብ፣ የጨርቁን ሽመና አጥፍቷል። ሁለተኛው ኢንኮደር የሚያገኘው ሥራ ከመጀመሪያው ስለቀለለለት የሚያስመዘግበው ቁጠባ ከእውነታው የበለጠ ይመስላል፤ ከዚህም በላይ ከመጀመሪያው ኮዴክ (የመጭመቂያና የመፍቻ ዘዴ) ጋር ተመሳሳይ አሠራር ያለው ዘዴ ያልተገባ ጥቅም ያገኛል። ከስልክ ቅጂ ውጭ ምንም ከሌለ፣ በከፍተኛ ቢትሬት (ለየሰከንዱ በሚያዝ የቢት መጠን) ቀርጾ መጠኑን በስፋትም በቁመትም በግማሽ ማሳነስ የቀደመውን ጭመቃ ዱካ በጣም ይቀንሰዋል፤ ይህም መደረጉ በጽሑፉ ላይ መገለጽ አለበት።

የቪዲዮው ይዘትም ከዚህ የማይተናነስ ጉዳይ ነው። ለዓመታት ሲሠራባቸው የኖሩት አኪዮና ፎርማን የተባሉት የሙከራ ቪዲዮዎች 352 በ288 ፒክስል ብቻ ያላቸው ናቸው፤ አኪዮ ላይ የምትታየው ዜና አንባቢ ከራሷና ከከንፈሯ በቀር የምታንቀሳቅሰው ነገር የለም። እንዲህ ያለው ምስል ከቀደመው ፍሬም በቀላሉ ስለሚተነበይ የትኛውም ዘዴ ጥሩ ሆኖ ይታይበታል። የባቲ የሰኞ ገበያ ግን ሌላ ነው፤ ግመሉ፣ አቧራው፣ በየአቅጣጫው የሚሄደው ሕዝብ እርስ በርስ እየተጋረደ የእንቅስቃሴ ትንበያን ይፈትናል። በመንዙማ ላይ ጀምዓው በአንድነት ሲያጨበጭብና ሲወዛወዝ በመቶ የሚቆጠሩ ነጫጭ ልብሶች በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ፤ የልብሱ እጥፋት ደግሞ በዝቅተኛ ቢትሬት መጀመሪያ ከሚጠፉት ዝርዝሮች አንዱ ነው። የወሎ ተማሪ ከታወቁት ቪዲዮዎች ጎን ለጎን እነዚህን በባለቤቶቹ ፈቃድ ቀርጾ ቢሞክርባቸው ለመስኩ አዲስ ነገር እንደሚያበረክት በጽኑ አምናለሁ።

በአንድ ነጥብ ላይ ተመሥርቶ መፍረድ

የኮዴክ ብቃት ቢትሬትና ጥራት አንድ ላይ የሚሠሩት መስመር እንጂ አንድ ቁጥር አይደለም። ስለዚህም ጊስሌ ብዮንቴጎር እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረበው፣ በሁለት መስመሮች መካከል ያለውን አማካይ ልዩነት የሚያሰላው ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በኤች.265 የጋራ የሙከራ ደንብ የጭመቃውን ጥንካሬ የሚወስነው የኳንታይዜሽን ቁጥር 22፣ 27፣ 32 እና 37 ሆኖ አራት ነጥቦች ይወሰዳሉ። ሁለቱ መስመሮች በጥራት ረገድ የሚጋሩት ክልል ጠባብ ከሆነ፣ ወይም መስመሮቹ መሐል ላይ ከተሻገሩ፣ የተገኘው አማካይ ያሳስታል። ሥዕሉን ሳያዩ ቁጥሩን ማመን አይገባም። የሞባይል ተመልካችን ለማገልገል የታሰበ ጥናት ደግሞ አራቱም ነጥቦቹ በሰከንድ ከ3 ሜጋቢት በላይ ከሆኑ፣ ያ ተመልካች የሚኖርበትን ክልል ጨርሶ አልነካም።

የፍሬሞችን መንሸራተት አለማየት

ይህ ስህተት የኮዲንግና የኔትወርክ ሥራ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ስለሚደበቅ ሰፋ አድርጌ ላስረዳው። ተማሪው ቪዲዮውን በኔትወርክ ላይ ይልካል፣ የደረሰውን ይፈታል፣ ከዚያም ፍሬም በፍሬም ከመነሻው ጋር ያወዳድራል። በመንገድ ላይ አንድ ፍሬም ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ዲኮደሩም ቦታውን በሌላ ካልሞላው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ይቀድማል፤ 101ኛው ፍሬም ከ100ኛው ጋር፣ 102ኛው ከ101ኛው ጋር ይለካል። ለተመልካቹ ዓይን ምስሉ ደህና ሆኖ ሳለ የፒኤስኤንአር ቁጥሩ ግን በብዙ ዴሲቤል ያሽቆለቁላል፤ ተማሪውም «ኔትወርኩ ጥራቱን አወደመው» ብሎ ይጽፋል። መፍትሔው ከመጨመቁ በፊት በእያንዳንዱ ፍሬም ጥግ ላይ ተራ ቁጥሩን የሚያመለክት ትንሽ ምልክት ማኖር ወይም የጊዜ ማኅተሙን ተከትሎ ማጣመር፣ የጠፋውንም ፍሬም በመጨረሻ በታየው ተክቶ መለካት ነው።

በዚሁ ረገድ፣ ምንም ሳይለወጥ የደረሰ ፍሬም ፒኤስኤንአሩ ወሰን የለሽ ይሆናል። መምህሩ የማይንቀሳቀስ ስላይድ እያሳየ በሚያስረዳበት የትምህርት ቅጂ ላይ ይህ በእርግጥ ያጋጥማል፤ አማካዩንም ትርጉም ያሳጣዋል። የስህተቱን ካሬ አማካይ አስቀድሞ አስልቶ ወደ ዴሲቤል መቀየር ከዚህ ያድናል።

የኔትወርኩን ጠባይ ማቅለል

በሲሙሌሽን ላይ «የፓኬት ብክነት 2 ከመቶ» ብሎ ፓኬቶችን፣ ማለትም ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክባቸውን ትናንሽ እሽጎች፣ በዘፈቀደ መጣል የተለመደ ነው። በገመድ አልባ መስመር ላይ ፓኬቶች የሚጠፉት ግን ተከታትለው ነው፤ አውቶቡሱ ከተራራው ጀርባ ሲገባ ብዙዎቹ አንድ ላይ ይጠፋሉ፣ ሲወጣ ደግሞ ለረጅም ጊዜ አንድም ላይጠፋ ይችላል። ጊልበርት በ1960፣ ኤሊየት በ1963 ያቀረቡት «ደህና» እና «መጥፎ» ሁኔታዎችን የሚያፈራርቅ ሞዴል ለዚህ የተሻለ መነሻ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ስህተት አራሚ ፓኬቶችን የሚጨምር ዘዴ የተበታተነ ብክነትን በሚገባ ሲጠግን፣ ተከታታይ ብክነት ሲገጥመው ሊከሽፍ ይችላል።

ፓኬት ሲጠፋ ምስሉ ላይ የሚሆነውም በፕሮቶኮሉ፣ ማለትም በመላኪያ ደንቡ፣ ይወሰናል። በዩዲፒ ላይ የጠፋው እንደጠፋ ስለሚቀር ምስሉ ይሰባበራል፤ ጉዳቱም ቀጣዩ ራሱን የቻለ፣ ማለትም ከሌላ ፍሬም ሳይተነበይ የተጨመቀ፣ ፍሬም እስኪመጣ ድረስ ከፍሬም ወደ ፍሬም ይተላለፋል። በቲሲፒ ላይ ግን የጠፋው እንደገና ይላካል፤ ተመልካቹ የሚያየው የተሰባበረ ምስል ሳይሆን የቆመ ምስል ነው። እንግዲህ በቲሲፒ በሚሠራ ስትሪሚንግ ላይ «የብክነትን ጉዳት በፒኤስኤንአር ለካሁ» የሚል ተማሪ ሊኖር የማይችልን ነገር እየለካ ነው፤ መለካት የነበረበት ቪዲዮው ስንት ጊዜ እንደቆመና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ነው።

ቢትሬትን እንደ መስመሩ ሁኔታ የሚመርጡ ስልተ ቀመሮችን የሚያጠኑ ደግሞ፣ ከሲሙሌሽን የተገኘን ብልጫ እንደ መጨረሻ ማስረጃ እንዳይወስዱ እለምናለሁ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ከ63,000 በላይ ለሆኑ ተጠቃሚዎች በድምሩ የ38.6 ዓመት ርዝመት ያለው ቪዲዮ አስተላልፈው ስልተ ቀመሮችን በዕጣ ደልድለው ሞክረዋል። በሲሙሌሽን ድንቅ የነበሩት በማሽን ትምህርት የሠለጠኑ ዘዴዎች፣ የባፈሩን፣ ማለትም አስቀድሞ ወርዶ የተጠራቀመውን ቪዲዮ፣ መጠን ብቻ አይቶ የሚወስነውን ቀላል ዘዴ በእውነተኛው ኢንተርኔት ላይ መብለጥ እንደሚከብዳቸው ተገንዝበዋል። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይህን ያህል ተጠቃሚ ሊያገኝ አይችልም፤ ነገር ግን ቀላሉን ዘዴ በውድድሩ ውስጥ ማካተትና የውጤቱን የስህተት ክልል ማሳየት ይችላል።

የመስመር ፍጥነት መዝገብ ሲሰበሰብም ቦታና ሰዓት ይለያያል። በገና ዋዜማ ላሊበላ ላይ፣ ወይም መስከረም 21 ቀን ግሸን አምባ ላይ፣ በሺህ የሚቆጠር ምእመን በአንድ አካባቢ ስልኩን ያወጣል፤ ሥርዓቱን በቀጥታ የሚያስተላልፈውም በዚያው አንቴና የሚልከው ከሌላው ጋር እየተሻማ ነው። የቀጥታ ስርጭት ጭንቀት ያለው በመላኪያው በኩል ሲሆን፣ የሞባይል መስመር ለመላክ የሚሰጠው አቅም ለመቀበል ከሚሰጠው በተለምዶ ያንሳል። ደሴ ላይ በሌሊት የተመዘገበ የማውረድ ፍጥነት ስለዚህ ሁኔታ አንዳች ነገር አይናገርም።

ጥቂት አጫጭር ስህተቶች

ቢትንና ባይትን ማምታታት ውጤቱን በስምንት እጥፍ ያዛባል፤ በሰከንድ በ1.5 ሜጋቢት የሚተላለፍ የአንድ ሰዓት ትምህርት 675 ሜጋባይት የዳታ ጥቅል ይበላል። ኤክስ264 ካልተነገረው በቀር ራሱን የቻለ ፍሬም እስከ 250 ፍሬም ድረስ ላያስገባ ይችላል፤ ይህም በሰከንድ በ25 ፍሬም ሂሳብ 10 ሰከንድ ይሆናል፤ ቪዲዮውን በ4 ሰከንድ ቁራጭ የሚከፋፍል ሰው ይህን በየ100 ፍሬሙ ካላሰረ የጥራት ደረጃ መቀያየሩ አይሠራለትም። 16 ፍሬም አጠራቅሞ በቡድን በመጨመቅ የተገኘን የቁጠባ ውጤት ለቪዲዮ ጥሪ ማቅረብም አይቻልም፤ 16 ፍሬም ብቻውን 640 ሚሊሰከንድ ሲሆን፣ ለንግግር የሚመከረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ የማይበልጥ ነው። ሰዎችን አስቀምጦ ጥራትን ማስመዘን ሲያስፈልግም፣ ለዚህ የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ቢያንስ 15 ተመልካች ይፈልጋል፤ የላብራቶሪ ጓደኞችን ሰብስቦ «የትኛው የኔ ነው» እያሉ ማስገመት ሚዛኑን ያጎድላል።

የተመልካቹን ስልክ መርሳት

ኤች.266 በወረቀት ላይ ከሁሉም ይቆጥባል፤ ኤች.264ን ግን በዛሬው ገበያ ያለ ስልክ ሁሉ ማለት ይቻላል በሃርድዌር ይፈታዋል። ሃርድዌሩ የሌለው ስልክ አዲሱን ኮዴክ በዋናው ፕሮሰሰር ሲፈታ ፍሬም ይጥላል፣ ይሞቃል፣ ባትሪውን ይጨርሳል፤ መብራት በሚቆራረጥበት የገጠር ቀበሌ ደግሞ ባትሪ ከዳታ ያላነሰ ዋጋ አለው። ስለዚህ ለወረኢሉ ወይም ለመርሳ ተማሪ ቪዲዮ አደርሳለሁ የሚል ጥናት የመፍታቱን ወጪም መለካት ይገባዋል፤ ያንኑ ቪዲዮ አካባቢው ላይ በብዛት በሚገኝ ርካሽ ስልክ ላይ፣ የስክሪኑን ብርሃን በአንድ ደረጃ አስሮ፣ ኔትወርኩን ዘግቶ፣ ከተመሳሳይ የባትሪ መጠን ተነስቶ ደጋግሞ ማጫወት፣ የወረደውን የባትሪ መቶኛና የተጣሉትን ፍሬሞች ከቢት ቁጠባው ጎን በአንድ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ በቂ ነው።