ገበያው ቀይ ሲሆን፦ ለአዲስ ገቦች ስለ አክሲዮን

ማርች 2020 ላይ ነው። በሌሊት ሺፍት የእረፍት ሰዓቴ ስልኬን ከፈትኩ። የአክሲዮን አፑ ላይ ያለው ቁጥር በሙሉ ቀይ ነው፤ ዋጋው ወርዷል ማለት ነው። በዚያው ሳምንት የሥራ ሰዓታችን በግማሽ ተቀንሶ ነበር፤ የቤት ኪራይም ደርሷል። ያለኝን አክሲዮን ሁሉ ሸጥኩት። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው የ500 ገደማ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ ኦገስት ላይ የወረደውን አስመልሶ አረፈው። እኔ በባዶ እጄ አየሁት።

ይህን የሰማ ሁሉ «ፈርተህ ነው» ይለኛል። ፍርሃትስ ነበረኝ፤ ያሸጠኝ ግን የኪራዩ ቀን ነው። ገበያ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ኩባንያዎች ሠራተኛ በሚቀንሱበት ሰሞን ነው። ሲቀንሱ ደግሞ አዲስ ገብ መጀመሪያ ሊነካ ይችላል። ደመወዝና አክሲዮን አብረው ይወርዳሉ።

ስለዚህ «ረክሷል፣ አሁን ነው መግዛት» የሚል ጓደኛ ሲደውል መጀመሪያ ቁጠባችሁን እዩ። ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚያኖር ገንዘብ ባንክ ውስጥ ይቀመጥ። ለቤተሰብ የምትልኩትንም ከወጪው ጋር ደምሩት፤ ብዙዎቻችን እሱን እንረሳለን። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ካለ እሱ ይቅደም። በዓመት 20 በመቶ ወለድ እየከፈሉ አክሲዮን መግዛት በቀዳዳ ባልዲ ውሃ መቅዳት ነው።

ከዚያ የተረፈው፣ ቢያንስ አምስት ዓመት የማትነኩት ገንዘብ ብቻ ወደ አክሲዮን ይሂድ። አምስትም አንዳንዴ አይበቃም። ያው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከኦክቶበር 2007 እስከ ማርች 2009 ድረስ 57 በመቶ ገደማ ወርዷል። 1,000 የነበረው 430 ሆነ ማለት ነው። የቀድሞ ቦታው የተመለሰው በ2013 ነው። «ሁልጊዜ ይመለሳል» ለሚሏችሁ ደግሞ ጃፓንን ንገሯቸው፤ የኒኬይ መለኪያ በ1989 የደረሰበትን ከፍታ ያለፈው በ2024 ነው። በአንድ አገር ገበያ ላይ ብቻ ከመንጠልጠል የብዙ አገር ኩባንያዎችን የያዘ ኢንዴክስ ፈንድ (በአንድ መለኪያ ውስጥ ያሉትን አክሲዮኖች ባንድ ላይ የሚይዝ የጋራ ገንዘብ) የሚሻለው ለዚህ ነው።

የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ከሆነማ ጭራሽ ሌላ ጨዋታ ነው። ሌማን ብራዘርስ የሚባለው የአሜሪካ ባንክ ሴፕቴምበር 2008 ከመክሰሩ በፊት ዋጋው ለወራት ሲወርድ ከርሟል። በየመንገዱ «ረከሰ» ብለው የገዙና እስከ መጨረሻው የያዙት ገንዘባቸው ቀልጦ ቀረ።

የምወደው መንገድ አሰልቺ ነው፦ በየወሩ እኩል መጠን መግዛት። አንድ ድርሻ 50 ሲሆን በ100 ሁለት ታገኛላችሁ። ወደ 25 ሲወርድ በዚያው 100 አራት ትገዛላችሁ። በ200 ስድስት ድርሻ ያዛችሁ፤ አንዱ በአማካይ 33 ገደማ ወጣበት። የመግዣና የመሸጫ ክፍያውን ከተውነው፣ ትርፍ ላይ ለመድረስ ዋጋው እስከ 50 መመለስ የለበትም፤ 34 ከገባ ይበቃል። አሠሪያችሁ በጡረታ ቁጠባ ላይ አብሮ የሚያዋጣ ከሆነ ከእሱ ጀምሩ።

በብድር ግን አትግዙ። ያበደራችሁ ደላላ፣ ማለትም አክሲዮኑን የሚገዛላችሁ ድርጅት፣ ዋጋው ሲወርድ ሳያስፈቅዳችሁ ሊሸጥባችሁ ይችላል። በቴሌግራም «በወር 10 በመቶ ትርፍ በዋስትና» የሚል ከመጣ ደግሞ መልስም አትስጡት። ገንዘብ የምታስገቡበት ድርጅት ፈቃድ እንዳለው ከአገሩ የገበያ ተቆጣጣሪ መዝገብ ላይ ራሳችሁ ፈልጉ፤ እሱ የላከላችሁን ሊንክ እንዳትከፍቱ።

እኔ አፑን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። ግዢው በደመወዝ ማግስት በራሱ ይፈጸማል፤ ሂሳቡን በዓመት ሁለቴ በኮምፒውተር አየዋለሁ። በሌሊት ሺፍት ግን አልከፍተውም።