ሮቶ ውስጥ ደጋግሞ የሚበቅል አልጌን ማጥፊያ

ሮቶው ታጥቦ ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው እንደገና አረንጓዴ ከለበሰ፣ ችግሩ የአስተጣጠቡ ብቻ አይደለም። አልጌ ያለ ብርሃን አይበቅልም። ብርሃን የሚገባበት ቦታ እስካልተደፈነ ድረስ የቱንም ያህል በረኪና ቢፈስበት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ከማጠብ በፊት ብርሃኑን ፈልጉ።

ሲመሽ የበራ የእጅ ባትሪ በላስቲክ ጠቅልላችሁ በገመድ ከውሃው በላይ አንጠልጥሉና ክዳኑን ግጠሙ። ከዚያ ሮቶውን ዙሩት። ማታ ብርሃን በሚወጣበት በኩል ቀን ፀሐይ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የተሰነጠቀ ወይም በደንብ የማይገጥም ክዳን፣ አለዚያም በመግቢያ ቧንቧው ዙሪያ የቀረ ክፍተት ነው። የውሃውን ልክ ለማየት የተገጠመ ብርሃን አሳላፊ ጎማ ካለም አልጌው እዚያ ውስጥ ይራባል፤ በጥቁር ጎማ ቀይሩት። የጥቁር ሮቶ ግድግዳ ብርሃን አያሳልፍም፤ ስስ የሆነ ነጭ ሮቶ ግን ሰውነቱ በሙሉ ሊያበራ ይችላል። ይህን ቀለም ከመቀባት ዙሪያውን በቆርቆሮ ወይም በወፍራም ጥቁር ሸራ መከለል ይሻላል፤ እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ቀለም አይዝም፣ ተልጦ ይወድቃል።

የሚታጠበው ነገር አልጌ መሆኑንም አረጋግጡ። አልጌ አረንጓዴና የሚያሟልጭ ነው፣ በጣት ሲታሽ ይለቃል፣ ብርሃን በሚያገኘው በኩል ይበዛል። ከሥር የተኛው ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ዝቃጭ ግን ጭቃ ወይም ዝገት ስለሆነ በረኪና አያጠፋውም። የጉድጓድ ውሃ የሟሟ ብረት ካለው ደግሞ በረኪና ሲነካው ውሃው ቡናማ ይሆናል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለማጠብ የሚመቸው ጊዜ ከፈረቃው በፊት ያለው ቀን ነው። ውሃውን ከመድፋት ለልብስና ለቤት ጽዳት ተጠቅማችሁ አውርዱት። ወደ ቤት የሚወስደውን ሳራቺኔስካ ዝጉ፤ ካልተዘጋ የሚፈገፈገው ቆሻሻ ቧንቧውንና የሻወር ራሱን ይደፍናል። የቦይለሩንም ኤሌክትሪክ አጥፉ፤ ውሃ ሳይኖረው ከጋለ ማሞቂያው ይቃጠላል።

አሁን ፈግፍጉ። ረጅም እጀታ ያለው የፕላስቲክ ብሩሽ ይበቃል። የብረት ሽቦ ፕላስቲኩን ይጭረዋል፣ አልጌም ጭረቱ ውስጥ ሥር ይሰድዳል። ይህን ደረጃ ዘልሎ በረኪና ብቻ ማፍሰስ ዋናው ስህተት ነው፤ ክሎሪኑ ከላይ ያለውን ልጋግ ሲያቃጥል ያልቅና ከሥር ያለው ይተርፋል። የክዳኑን ውስጥ፣ የላይኛውን ጠርዝና የተንሳፋፊውን ኳስ ክንድ አትርሱ። መውጫ ቧንቧው ከወለሉ ከፍ ስለሚል ከሥር የሚቀር ውሃ አለ፤ እሱን በቀጭን ጎማ ስባችሁ የቀረውን በስፖንጅ ጥረጉ። ሮቶው ውስጥ አትግቡ፤ አየሩ ያነሰ ነው፣ የበረኪና ትነት ሲጨመርበት ሰው ያፍናል። ከፍ ያለ ማማ ላይ ከሆነ ደግሞ ብቻችሁን አትውጡ።

ቀጥሎ በረኪናው ነው። ሽታና ሳሙና ያልተጨመረበት፣ ማሸጊያው ላይ 5% የተጻፈበት ይሁን። በረኪና በፀሐይና በሙቀት ኃይሉን ስለሚያጣ ደጅ የከረመውን አትጠቀሙ። ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር በረኪና ይገባል፤ ይህ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሆናል። ሮቶው ሩብ ያህል ሲሞላ በረኪናውን ጨምሩና መሙላቱን ቀጥሉ፤ የሚገባው ውሃ ያማስለዋል። ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ዘግታችሁ የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧዎችን በየተራ ክፈቱ፤ የበረኪና ሽታ ሲመጣ መልሳችሁ ዝጉ። 24 ሰዓት ይቆይ። ጊዜ ከሌለ መጠኑን እጥፍ አድርጋችሁ 8 ሰዓት ማቆየት ይቻላል። በዚህ ጊዜ ውሃው አይጠጣም፣ ምግብም አይሠራበትም፤ ለቤተሰቡ በሙሉ ንገሩ።

ውሃ እጥረት ባለበት ቤት ግን አንድ ሙሉ ሮቶ ለዚህ ማዋል ከባድ ነው። እኛ የምንመርጠው ሌላውን መንገድ ነው፦ በ20 ሊትር ባልዲ ውሃ 80 ሚሊ ሊትር በረኪና በጥብጣችሁ ግድግዳውን፣ ወለሉንና ክዳኑን በብሩሽ ቀቡ፤ 30 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆይ፣ ሲደርቅ ድገሙት። ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። በደንብ ለተፈገፈገ ሮቶ ይህ ይበቃል።

በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከአሲድ ወይም ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የተበጠበጠውን ውሃ አትክልት ላይ አታፍስሱ፣ በብዛትም ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ አትልቀቁ፤ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። የሲሚንቶ ወለልና ግቢ እጠቡበት፤ የተረፈውን በክፍት በርሜል ፀሐይ ላይ አቆዩት፣ ክሎሪኑ በቀናት ውስጥ ይጠፋል።

ፈረቃው ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ከመስመሩ ውስጥ ጭቃ ይዞ ይመጣል። እሱን በባልዲ ተቀብላችሁ ለሌላ ሥራ አውሉት፤ ጥርት ሲል ወደ ሮቶው ክፈቱት።