የቤት ሶላር ከማስገጠማችሁ በፊት፦ ሦስት ፕሮፎርማ እንዴት ይነጻጸራል?

እኅቴ የምትኖረው ለገጣፎ ነው። ባለፈው ዓመት ከሦስት ሻጮች ፕሮፎርማ ሰብስባ ቤቴ መጣች። ሦስቱም አናታቸው ላይ «5 ኪሎ ዋት የቤት ሶላር» ይላሉ። ዋጋቸው ግን እጥፍ ለመሆን ምንም አልቀረው። «የቱን ልውሰድ?» አለችኝ።

ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስናነባቸው ሦስቱ ስለ አንድ ዕቃ እያወሩ እንዳልሆነ ገባን። በአንደኛው 5 ኪሎ ዋት የተባለው ኢንቨርተሩ (የፓነሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው) ብቻ ነው። ፓነሎቹ ባለ 550 ዋት አራት ናቸው፤ ሲደመሩ 2.2 ኪሎ ዋት። ሁለተኛው ስድስት ፓነልና የሊትየም ባትሪ አለው። ሦስተኛው ደግሞ «ፓነል፣ ባትሪ፣ ኢንቨርተር፣ ከነገጠማው» ብሎ አንድ ድምር ዋጋ ጽፏል። የፋብሪካ ስም የለ፣ ሞዴል የለ፣ ብዛት የለ።

እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን በድምራቸው ማወዳደር አይቻልም። ያኔ እንዴት እንዳወዳደርናቸው በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ የቤታችሁን ፍጆታ ጻፉ

ሻጭ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። መብራት ሲሄድ መሥራት ያለበትን ዕቃ ሁሉ ዘርዝሩ። የእያንዳንዱን ዋት በቀን በሚሠራበት ሰዓት አባዙት። ዋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ጀርባ ተጽፎ ይገኛል።

የእኅቴ ቤት እንዲህ ወጣ። ባለ 9 ዋት ስምንት አምፖል ለ5 ሰዓት፣ 360 ዋት ሰዓት። ቴሌቪዥን ከነሪሲቨሩ 100 ዋት ለ5 ሰዓት፣ 500። ፍሪጅ በቀን 1,200 ገደማ። ዋይፋይ 10 ዋት ለ24 ሰዓት፣ 240። ስልክና ላፕቶፕ 200። ውሃ ወደ ሮቶ የሚገፋው ባለ 750 ዋት ዲናሞ ለግማሽ ሰዓት፣ 375። ድምሩ 2,875 ነው። በግርድፉ 2.9 ኪሎ ዋት ሰዓት እንበለው።

ምጣዱን ሆን ብለን ተውነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። አንድ ሰዓት እንጀራ ቢጋገርበት ሌላው የቤቱ ዕቃ ቀኑን ሙሉ ከሚበላው ይበልጣል። እሱን በሶላር ለማስኬድ ስትሉ የሲስተሙ ዋጋ ሰማይ ይነካል። ቦይለርና የኤሌክትሪክ ምድጃም እንደዚያው። እነዚህን ለመብራት ኃይል ተዉአቸው።

አሁን ወደ ፓነል እንመልሰው። በሽቦ፣ በሙቀት፣ በአቧራና በባትሪ የሚባክን ስላለ 2.9ኙን ለ0.7 አካፍሉት፤ 4.1 ይመጣል። ከዚያ በሙሉ ጉልበት በሚወጣ የፀሐይ ሰዓት አካፍሉ። በበጋ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ማሰብ ይቻላል። እኔ ግን ሁልጊዜ በክረምቱ ነው የማሰላው፤ ሶላር የሚፈተነው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነውና። 4 ሰዓት ብለን ስናካፍል 1 ኪሎ ዋት ገደማ ወጣ። ሁለት ባለ 550 ፓነል ለጥቂት ይበቃል፤ ሦስት ሲሆን ደመናውንም ይችላል።

እኅቴ ይሄኔ ዝም አለች። 5 ኪሎ ዋት የተባለው ሲስተም ለእሷ ቤት ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ሦስቱንም ፕሮፎርማ ትተን እንደገና ጠየቅን።

2. ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ስጡ

«ለቤት የሚሆን ሶላር ስንት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ እያንዳንዱ ሻጭ መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ይጽፍላችኋል። በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለሦስቱም ያንኑ ስጡ። የቀን ፍጆታችሁ ስንት እንደሆነ፣ በአንድ ጊዜ የሚበሩት ዕቃዎች ድምር ዋት፣ ዲናሞ መኖሩን፣ መብራት አብዛኛውን ጊዜ ለስንት ሰዓት እንደሚሄድ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን ኮንክሪት ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱ ዕቃ ከነፋብሪካው፣ ከነሞዴሉ፣ ከነብዛቱና ከነነጠላ ዋጋው እንዲዘረዘር ጠይቁ።

ዘርዝሬ አልጽፍም የሚል ሻጭ ካለ እሱን እዚያው ተዉት። ቤቱን ሳያይ የመጨረሻ ዋጋ የሚሰጠውንም አልመክርም። የጎረቤት ፎቅ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይጥል እንደሆነ፣ የጣሪያው እንጨት ይበሰብስ እንደሆነ በስልክ አይታይም።

3. ዕቃውን መስመር በመስመር አንብቡ

ፓነሉ ላይ የሚጭበረበረው ዋቱ ነው። ይህን ለመለየት ሜትር ብቻ ይበቃል። የዛሬ ጥሩ ፓነል ከአንድ ካሬ ሜትር 210 እስከ 225 ዋት ገደማ ያወጣል። እውነተኛ ባለ 550 ዋት ፓነል 2.28 ሜትር በ1.13 ሜትር አካባቢ ነው፤ 2.6 ካሬ ሜትር ገደማ ማለት ነው። 1.6 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ፓነል ላይ «550 ዋት» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ካያችሁ ሊሆን አይችልም፤ ከ360 አያልፍም። ጂንኮ፣ ሎንጂ፣ ትሪና የሚል የታወቀ የፓነል ፋብሪካ ስም ሲጻፍላችሁም ሞዴሉን ጠይቁና የፋብሪካውን የመረጃ ወረቀት ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ልኩና ክብደቱ መግጠም አለበት። አይ ኢ ሲ 61215 እና 61730 የሚሉት የጥራት ቁጥሮችም እዚያ ላይ ይኖራሉ።

ባትሪው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ነው። አራት ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ጄል ባትሪ (ከእርሳስ የሚሠራው ዓይነት) ወረቀት ላይ 9.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ጄልን ግን ከግማሽ በታች ማራገፍ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 4.8 ነው። ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊትየም ደግሞ ወረቀት ላይ 5.12 ብቻ ነው። 80 በመቶውን ብትጠቀሙበት 4.1 ይሰጣችኋል። በወረቀት እጥፍ የሚመስለው ልዩነት ሲሠራ ትንሽ ነው።

አሁን ዕድሜውን ጨምሩበት። ባትሪ አንድ ጊዜ ተራግፎ ሲሞላ አንድ ዙር ይባላል። ጄሉ በግማሽ እየተራገፈ 800 ዙር ቢሠራ በዕድሜው 3,840 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። ሊትየሙ 4,000 ዙር ቢሠራ 16,400። ከአራት እጥፍ በላይ ነው። የእያንዳንዱን ዋጋ በዚህ ቁጥር አካፍሉና የትኛው ርካሽ እንደሆነ እዩ። የዙሩን ብዛት ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከባትሪው የመረጃ ወረቀት ውሰዱ።

ይህ ስሌት ግን በየቀኑ ባትሪውን ለሚጠቀም ቤት ነው። መብራት በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ ዙሩ ሳያልቅ ዓመቱ ያልቃል። ያኔ ጄል አያስነውርም።

የጄል ባትሪ ስትገዙ አንሡት፤ ካልቻላችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ትክክለኛ ባለ 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከ55 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናል። 40 ኪሎ ከሆነ ውስጡ የጎደለ እርሳስ አለ። ሊትየም ከሆነ ደግሞ «ሊትየም አይረን ፎስፌት» የሚለው በጽሑፍ ይኑር። ለቤት ደኅናው እሱ ነው።

ኢንቨርተር ላይ መጀመሪያ የምታዩት «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የሚለውን ነው። «ሞዲፋይድ» የተባለው ርካሽ ነው፤ ፍሪጅና ዲናሞ ግን በእሱ ሲሠሩ ይጮኻሉ፣ ይግላሉ፣ ቶሎ ይሞታሉ። ቀጥሎ ኬ ቪ ኤ እና ኪሎ ዋት አንድ እንዳይመስሏችሁ። 5 ኬ ቪ ኤ የተባለ ኢንቨርተር ብዙ ጊዜ 4 ኪሎ ዋት ነው። ሞተር ያለው ዕቃ ሲነሣ ለቅጽበት ከሦስት እጥፍ በላይ ይስባል፤ የእኅቴ 750 ዋት ዲናሞ ሲነሣ ከ2,200 ዋት በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህ ነው ባለ 3 ኪሎ ዋት የመረጥነው።

ብዙ ሰው የማያየው አንድ መስመር አለ፤ ከፍታ። አብዛኛው አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። የብዙ ኢንቨርተሮች የመረጃ ወረቀት ከ2,000 ሜትር በላይ አቅማቸው እንደሚቀንስ ይናገራል። አየሩ ሲሳሳ ዕቃው በደንብ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ልክክ ያለ አትግዙ፤ ትርፍ አቅም ይኑረው።

ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል «ኤም ፒ ፒ ቲ» ይሁን፤ ከፓነሉ የሚገኘውን ከፍተኛ ጉልበት እየፈለገ የሚወስደው እሱ ነው። «ፒ ደብልዩ ኤም» የሚባለውን ከትልቅ ፓነል ጋር ባለ 24 ቮልት ባትሪ ላይ ካሰራችሁት ከፓነሉ ጉልበት ሲሶው ይባክናል።

የቮልቴጅ ጣሪያውንም ተመልከቱ። ከአዲሶቹ ፕሮፎርማዎች በአንዱ ሦስት ፓነል በተከታታይ ታስቦ ነበር። አንዱ ፓነል ጭነት ሳይኖርበት 49.5 ቮልት ይሰጣል፤ ሦስቱ 148.5። ኢንቨርተሩ የሚችለው 150 ነው። የሚበቃ ይመስላል። ፓነል ግን ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት 10 ዲግሪ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት 154 ይደርሳል። ኢንቨርተሩ በመጀመሪያው ውርጭ ሊቃጠል ነበር። ነግረናቸው በትይዩ፣ ማለትም ቮልቴጃቸው በማይደመርበት መንገድ፣ እንዲያያዝ አደረጉት።

ከዚያ ትንንሾቹ ዕቃዎች ይመጣሉ። ፕሮፎርማ ርካሽ የሚመስለው እነዚህ ሲጎድሉበት ነው። ባለ 4 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ የሶላር ኬብል፣ የዲሲ ብሬከር (ከፓነልና ከባትሪ ለሚመጣው ኃይል የሚሆን)፣ የመብረቅ መከላከያ፣ ኧርዚንግ (ወደ መሬት የሚቀበር የመከላከያ ሽቦ)፣ የፓነል ማሰሪያ ብረት፣ ትራንስፖርት። ለተራ የቤት መብራት የሚሆን ብሬከር የዲሲ ቦታ ላይ አይገባም፤ እሳት ያስነሣል። በክረምት መብረቁ የሚያይልበት አገር ስለሆንን ኧርዚንግ የለውም የተባለ ሥራ አትቀበሉ።

4. በአንድ ሚዛን አስቀምጡ

ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ሥሩ፤ ለእያንዳንዱ ሻጭ አንድ። ከላይ ወደ ታች የፓነል ድምር ዋት፣ በእጅ የሚገባ የባትሪ ኪሎ ዋት ሰዓት፣ የባትሪ ዙር፣ የኢንቨርተር ኪሎ ዋት፣ የጎደሉ ዕቃዎች፣ የዋስትና ዓመት ጻፉ። የጎደለውን ዕቃ ዋጋ መርካቶ ጠይቃችሁ በየዓምዱ ደምሩ። 15 በመቶ ቫት መካተቱንም አረጋግጡ፤ አንዱ ከቫት ጋር፣ ሌላው ያለ ቫት ጽፎ ታገኛላችሁ።

የዋጋው ቀንም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሻጮች ዋጋቸውን ለአጭር ቀን ብቻ ነው የሚያጸኑት። ሦስቱንም ፕሮፎርማ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰብስቡ፤ አለበለዚያ የምታወዳድሩት ሻጮቹን ሳይሆን የዶላሩን ዋጋ ይሆናል።

እኅቴ የመረጠችው መካከለኛውን ዋጋ ነው። ሦስት ፓነል፣ ባለ 3 ኪሎ ዋት ኢንቨርተርና ባለ 25.6 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊትየም። ባትሪው 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ከማታ እስከ ንጋት የሚያስፈልጋት 1.7 ገደማ ነው። መጀመሪያ ካመጣቻቸው ሦስቱም ወረቀቶች በዋጋ አነሰ።

5. ከመክፈላችሁ በፊት

የፓነል «25 ዓመት ዋስትና» ሲባል ስለሚያመነጨው ጉልበት ነው፤ ለዕቃው ብልሽት ያለው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ዓመት ነው። ሁለቱም የፋብሪካው ናቸው። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ኢንቨርተሩ ቢቆም እዚህ ከተማ ውስጥ ማን እንደሚቀበላችሁና በስንት ቀን እንደሚጠግን ነው። እሱን አስጽፉ። ገንዘቡንም ሁሉንም በአንዴ አትስጡ። ዕቃው ቤት ሲደርስ አንድ ክፍል፣ ተገጥሞ ሲፈተሽ የመጨረሻው ቢሆን ይመረጣል። በሕጋዊ ደረሰኝ ይሁን፤ ያለ ደረሰኝ ዋስትና መጠየቅ አይቻልም።

6. የርክክብ ቀን

ዕቃው ሲመጣ ሞዴሉን ከፕሮፎርማው ጋር አስተያዩ፤ የመለያ ቁጥሮቹን ፎቶ አንሡ። ጣሪያ ላይ ማሰሪያው ቆርቆሮው ላይ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ካለው ሞራሌ ጋር መታሰሩን፣ ቀዳዳዎቹ በሲሊኮን መደፈናቸውን እዩ። ፓነሉ ወደ ደቡብ ዞሮ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢያዘነብል ጥሩ ነው፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥበዋል።

ከዚያ አመሻሽ ላይ ገጣሚዎቹ ሳይሄዱ ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑና አምፖሎቹ እየሠሩ ዲናሞውን አስነሡ። መብራቱ ቢርገበገብ ወይም ኢንቨርተሩ ቢጮህ እዚያው ይስተካከል። ባትሪው ስንት በመቶ ላይ እንዳለ መዝግቡና እስከ ንጋት በሶላር ብቻ እደሩ። እኅቴ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። 31 በመቶ ቀርቶ ነበር። የመጨረሻውን ክፍያ የከፈለችው ከዚያ በኋላ ነው።